አምስት ሴንሰር ተክያለሁ፤ ስንቶቹ ቢዋሹ ነው የታንከሮቹን እውነተኛ የውሃ ከፍታ ማወቅ የምችለው?

ዘሽምብጥ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ የችግኝ ማፍያ ግቢ የውሃ መቆጣጠሪያ ሥርዓት እየሠራሁ ነው። ከሐይቁ በፓምፕ የሚሳበው ውሃ መጀመሪያ ወደ ላይኛው ታንከር ይገባል፤ ከዚያ በራሱ ቁልቁለት ወደ ታችኛው ታንከር ይወርዳል፤ ከታችኛው ደግሞ በጠብታ መስኖ መስመር ወደ ችግኝ መደቦቹ ይደርሳል። ፓምፑን የሚያስነሳውና የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ የሁለቱንም ታንከሮች የውሃ ከፍታ ማወቅ ስላለበት አምስት ሴንሰሮች ተክያለሁ። በላይኛው ታንከር አንድ የግፊትና አንድ የአልትራሳውንድ ሴንሰር አለ፤ በታችኛውም እንዲሁ ሁለት አሉ፤ አምስተኛው ሁለቱን ታንከሮች በሚያገናኘው ቱቦ ላይ የተገጠመ የፍሰት መለኪያ ነው።

ንባቦቹ የሚተላለፉት በገመድ አልባ ስለሆነ፣ አንድ ሰው መሐል ገብቶ ቁጥሩን ቢለውጥ ምን ይፈጠራል የሚለውን በሲሙሌሽን እየፈተንኩ ነው። ግምቱን የሚያወጣው የተለመደው ካልማን ፊልተር (ንባቦቹን ከሞዴሉ ጋር፣ ማለትም ውሃው እንዴት እንደሚለዋወጥ ከሚገልጸው ስሌት ጋር፣ እያመዛዘነ የሚገምት ዘዴ) ሲሆን፣ በንባቡና በግምቱ መካከል ያለው ልዩነት በካይ ስኩዌር ፈተና (ልዩነቶቹን ካሬ አድርጎ በሚደምር የስታቲስቲክስ ፈተና) ከተወሰነ ገደብ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ይደወላል። በታችኛው ታንከር ካሉት ሴንሰሮች በአንዱ ላይ በድንገት 30 ሴንቲሜትር ስጨምር ደወሉ ወዲያው ይጮኻል። በየደቂቃው አንድ ሚሊሜትር ብቻ እየጨመርኩ ስሄድ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል፤ ግምቱም ከውሸቱ ጋር አብሮ ይጎተታል። በመጨረሻ ሲደወልም ከሁለቱ የትኛው እንደዋሸ መለየት አይቻልም።

ፊልተሩ ይህን ለምን እንደማያይ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። ደግሞም ከጠቅላላው ሴንሰሮች ከግማሽ በታች የሆኑት ቢጠቁ እውነተኛውን ሁኔታ መልሶ ማግኘት እንደሚቻል አንብቤአለሁ። ታዲያ እኔ አምስት ሴንሰር ስላለኝ ሁለቱ ቢዋሹም ችግር የለም ማለት ነው?

ዓባይ ማዶ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከመጀመሪያው ጥያቄዎ ልነሳ። ካልማን ፊልተር እ.ኤ.አ. በ1960 ሲቀርብ የተመሠረተው የሴንሰር ስህተት አማካዩ ዜሮ የሆነ፣ ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ፣ ሐሳብ የሌለው ስህተት ነው በሚል ግምት ላይ ነው። አጥቂ ግን ሐሳብ አለው፤ ገደብዎ የት እንዳለ ካወቀ ከገደቡ በታች ይራመዳል። በቁጥር እንየው። የእያንዳንዱ ሴንሰር ኖይዝ (ያለ ጥቃትም የሚኖረው የንባብ መዋዠቅ) 1 ሴንቲሜትር ገደማ ነው ብንል፣ ለአምስት ንባቦች 1 በመቶ የሐሰት ደወል የሚፈቅደው የካይ ስኩዌር ገደብ 15.09 ነው፤ ምንም ጥቃት ሳይኖር የፈተናው አማካይ ዋጋ ደግሞ 5 ነው። አሁን ከታችኛው ታንከር ሁለት ሴንሰሮች አንዱ 4 ሴንቲሜትር ቢዋሽ ግምቱ በሁለቱ መሐል ይቆማል፤ ከአንዱ በ2 ከፍ፣ ከሌላው በ2 ዝቅ ይላል። ይህ በፈተናው ላይ የሚጨምረው የ2 ካሬ እና የ2 ካሬ ድምር፣ ማለትም 8 ብቻ ነው። 5 እና 8 ተደምረው 13 ይሆናሉ፤ አማካዩ ገደቡን አልነካም። በደቂቃ አንድ ሚሊሜትር ለሚጨምር አጥቂ 4 ሴንቲሜትር ማለት አርባ ደቂቃ ያህል በአማካይ ከገደቡ በታች ሆኖ መሥራት ማለት ነው። የየደቂቃውን ልዩነት ለብቻው ከመመዘን ይልቅ እየደመረ የሚሄድ ፈተና ቢጠቀሙ ቶሎ ይነቃል፤ ሆኖም እሱም ቢሆን «አንዱ ይዋሻል» ይልዎታል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይነግርዎትም።

የትኛው የሚለው ከሁለተኛው ጥያቄዎ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዋናው ጉዳይም እሱ ነው። «ከግማሽ በታች» የሚለው አባባል ጣሪያውን የሚናገር ነው፤ ሊታለፍ አይችልም ማለት እንጂ ሁልጊዜ ይደረስበታል ማለት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ፋውዚ፣ ታቡዋዳና ዲጋቪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሥራ ጣሪያው በሒሳብ ተረጋግጧል፤ ጣሪያው ላይ መድረስ አለመድረስዎን የሚወስነው ግን የሴንሰሮቹ ብዛት ሳይሆን እያንዳንዱ ሴንሰር ስለ ሥርዓቱ የሚያየው ነገር ነው። መስፈርቱ እንዲህ ይባላል፦ በአንድ ጊዜ እስከ ኤስ የሚደርሱ ሴንሰሮች ሊዋሹ ይችላሉ ካሉ፣ የኤስን እጥፍ ያህል ሴንሰሮች፣ የትኞቹም ይሁኑ፣ ቢነቀሉ እንኳ የቀሩት ብቻቸውን የሥርዓቱን ሙሉ ሁኔታ መልሰው ለማወቅ መቻል አለባቸው።

ለምን እጥፍ? ኤስ አንድ ነው እንበል። በአንድ ችሎት ሁለት ምስክሮች ተቃራኒ ነገር ቢመሰክሩና ሌሎቹ ሁሉ ስለዚያ ጉዳይ አላየንም ቢሉ፣ ዳኛው አንዱ እንደዋሸ ያውቃል፤ ለማን እንደሚፈርድ ግን አያውቅም። በሒሳቡም እንዲሁ ነው። «አንደኛው ዋሽቷል» የሚለው ታሪክ አንድ ሴንሰር ብቻ ይከሳል፤ «ሁለተኛው ዋሽቷል» የሚለውም አንድ ብቻ ይከሳል፤ ሁለቱም በተፈቀደው የውሸት ብዛት ውስጥ ናቸው። ሁለቱን ታሪኮች ለመለየት ከሁለቱም ተከሳሾች ውጭ ያሉት ሴንሰሮች የሚናገሩት ሊኖራቸው ይገባል።

አሁን ወደ ታንከሮችዎ እንምጣ። ከተለመደው መሥሪያ ከፍታ ያላቸውን ልዩነት ብቻ ወስደን፣ የላይኛው ልዩነት በየደቂቃው የቀደመው 0.9 እጥፍ እና ፓምፑ ያስገባው ድምር ነው፤ የታችኛው ደግሞ የራሱ የቀደመው 0.8 እጥፍ እና የላይኛው 0.1 እጥፍ ድምር ነው እንበል። የእርስዎ ቁጥሮች እንደ ቱቦው ስፋት ቢለያዩም ቅርጹ ይኸው ነው። ውሃ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ የታችኛው ታንከር በጊዜ ሂደት ስለ ላይኛው ይናገራል፦ የታችኛውን ሁለት ተከታታይ ንባብ የያዘ ሰው ከላይ ምን ያህል እንደመጣ አስልቶ የላይኛውን ከፍታ ያገኛል። የላይኛው ታንከር ግን ስለ ታችኛው የሚያውቀው የለም፤ ውሃ ወደ ኋላ አይወጣም። የፍሰት መለኪያዎም የሚያየው ከላይኛው የወጣውን ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ ሦስተኛ የላይኛው ታንከር ሴንሰር ነው።

እንግዲህ ሁለቱን የታችኛው ታንከር ሴንሰሮች ይንቀሏቸው። የቀሩት ሦስቱ ሁሉም ስለ ላይኛው ብቻ ይናገራሉ፤ የታችኛው ከፍታ አይታይም። ስለዚህ መስፈርቱ ለአንድ ውሸታም እንኳ አይሟላም። ከአምስት ሴንሰሮች ውስጥ የአንዱን ውሸት መኖሩን ማወቅ ይችላሉ፤ ማረም የሚችሉት ግን ዜሮ ነው። ሦስት ሴንሰር ብቻ ኖሮዎት ሦስቱንም በታችኛው ታንከር ላይ ተክለዋቸው ቢሆን ግን፣ የትኞቹም ሁለት ቢነቀሉ የቀረው አንዱ ሁለቱንም ከፍታዎች ስለሚነግርዎት የአንዱን ውሸት ማረም በቻሉ ነበር።

ዋጋ ግን አለው። ከታችኛው ንባብ ላይኛውን ሲያሰሉ ለ0.1 ማካፈል አለብዎት። ሁለት ንባብ ብቻ ከወሰዱ የ1 ሴንቲሜትር ኖይዝ በላይኛው ግምት ላይ ወደ 13 ሴንቲሜትር ያድጋል። ረዘም ያለ የንባብ መስኮት ወስዶ ማማከል ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን መስኮቱ በረዘመ ቁጥር ውሸቱን ለመለየት የሚጠብቁት ጊዜም ይረዝማል።

የዘጌ ቡና፦

ዓባይ ማዶ ያቀረቡት ማብራሪያ ትክክል ነው፤ «ማረም የሚችሉት ዜሮ ነው» የሚለው መደምደሚያ ግን ለእኔ ከሚገባው በላይ የጠነከረ ነው። መስፈርቱ የሚጠይቀው ሁኔታውን ሙሉ በሙሉና በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ማወቅን ነው። በምሳሌው ውስጥ ያለው 0.8 ቁጥር ግን ከአንድ ያነሰ ስለሆነ የታችኛው ታንከር የቀድሞ ከፍታውን ራሱ ይረሳል። 0.8ን ሃያ ጊዜ በራሱ ብናባዛው 0.0115 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የታችኛውን ታንከር አንድም ንባብ ሳያዩ፣ ከላይ የመጣውን ውሃ ብቻ ይዘው በሞዴሉ ወደፊት ቢያሰሉ፣ መጀመሪያ ላይ የገመቱት ከፍታ ምንም ያህል የተሳሳተ ቢሆን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከስህተቱ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል።

ይህ ማለት ሁለቱ የታችኛው ሴንሰሮች ሲጣሉ የሚፈርድ ሦስተኛ ወገን አለ ማለት ነው፤ እሱም ሞዴሉ ነው። ሳይታወቅ ሊያልፍ የሚችለው ውሸት በየደቂቃው በ0.8 እየቀነሰ የሚጠፋ ውሸት ብቻ ነው፤ ጠያቂው የሞከሩት እየጨመረ የሚሄድ ውሸት ግን ከሞዴሉ ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ካልማን ፊልተሩ ይህን ያላየው የሚያየው ስለሌለ ሳይሆን ለሴንሰሮቹ ከሞዴሉ የበለጠ እምነት እንዲሰጥ ስለተደረገ ሊሆን ይችላል።

ዘሽምብጥ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የየዘጌ ቡናን ሐሳብ በሲሙሌሽኑ ላይ ስሞክረው በእርግጥ ይሠራል፤ ውሸታሙ በግልጽ ይለያል። ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ሳልጠቅሰው የቀረ አንድ ነገር አለ። የጠብታ መስመሩ የሚሠራው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ ከታችኛው ታንከር በጎማ እየሳቡ በእጅ ያጠጣሉ፤ መቼና ምን ያህል እንደሚከፍቱ መቆጣጠሪያው አያውቅም። ያ በሞዴሉ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? በተጨማሪም የታችኛው ታንከር ሁለት ሴንሰሮች የተያያዙት ከአንድ ማይክሮኮንትሮለር (ትንሽ የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ቦርድ ጋር ነው።

ዓባይ ማዶ፦

የየዘጌ ቡና አስተያየት ተገቢ ነው፤ የሚረሳ ሥርዓት ሲሆን መስፈርቱ ይላላል። ይሁን እንጂ አሁን የተነገረን ነገር ያንን ዳኛ ከወንበሩ ያወርደዋል። በጎማ የሚወጣው መጠን ካልታወቀ፣ የታችኛው ከፍታ ከተጠበቀው በታች ሲሆን ሴንሰሩ ዋሽቶ ነው ወይስ ጎማው ተከፍቶ ነው የሚለውን ሞዴሉ ሊለይ አይችልም። አጥቂውም በየደቂቃው የሚቀንሰውን አንድ ሚሊሜትር ሰው እያጠጣ እንደሆነ አድርጎ ያቀርበዋል። ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚዋሽ አጥቂ ለእናንተ ከሁሉ የከፋው ነው።

ይህ የትንንሽ ታንከሮች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሐሳብ ደረጃ ብቻ ጣናን ራሱን እንደ አንድ ታንከር እንውሰደው። የሐይቁ ስፋት ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ 1 ሴንቲሜትር ከፍታ ማለት 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ በሴኮንድ 100 ሜትር ኩብ ቢለቀቅ እንኳ ይህ የሦስት ቀን ተኩል ገደማ ፍሰት ነው። እንዲህ ያለ ግዙፍ ውሃ የቀድሞ ከፍታውን በደቂቃዎች አይረሳም፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያስገቡት፣ በቀጥታ የሚዘንበው፣ የሚተነውም ሁሉ እኩል አይለካም። በዚያ ላይ ነፋስ ውሃውን ወደ አንድ ዳር ሲገፋው ባሕር ዳርና ጎርጎራ ላይ የሚቆሙ ሁለት መለኪያዎች ማንም ሳይዋሽ ይለያያሉ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ከሐይቁ መውጫ ባለው በጫራጫራ መቆጣጠሪያ ግድብ በኩል የሚለቀቀውን ውሃ በከፍታ ንባብ ብቻ የሚወስን ሰው፣ ጥቂት ሴንቲሜትር የሚያህል ቀስ በቀስ የሚገባ ውሸትን በሞዴል አጣርቶ ለማግኘት ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። በቦታው ስላለው መሣሪያ እየተናገርኩ አይደለም፤ ያልታወቀ ገቢና ወጪ የሞዴልን ዳኝነት እንዴት እንደሚያዳክም ለማሳየት ነው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ወጪው ካልታወቀ የታችኛው ንባብ ስለ ላይኛው መናገሩንም ያቆማል፤ ለውጡ ከላይ ከመጣው ይሁን ከታች ከወጣው አይለይምና። ስለዚህ ሁለቱ ታንከሮች በየራሳቸው መቆም አለባቸው፤ ለአንድ ውሸታም ለእያንዳንዱ ታንከር ሦስት ሴንሰር ያስፈልጋል። ለላይኛው ሁለቱና የፍሰት መለኪያው ሦስት ይሆኑልዎታል። ለታችኛው የጎደለዎት አንድ ነው። በጎማው መውጫ ላይ የፍሰት መለኪያ መትከልም ይረዳል፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ የጠብታ መስመሩ ስለማይሠራ ታንከሩ የቀድሞ ከፍታውን አይረሳም፤ ፍሰት የሚነግርዎትም የከፍታውን ለውጥ ብቻ ስለሆነ፣ መለካት ከተጀመረበት አንስቶ የነበረን ቋሚ ውሸት ከሰዓት በኋላ አያጋልጥም። አንድ ብቻ የመግዛት አቅም ካለዎት ሦስተኛ የከፍታ ሴንሰር ይግዙ።

ጎርጎሬ፦

በሙያዬ የፓምፕ ቦርድ የምገጥም ሰው ነኝ፤ ከሒሳቡ ይልቅ ስለ ሽቦው ልናገር። ሁለት ሴንሰር በአንድ ቦርድ ላይ ከሆኑ ለአጥቂ አንድ ናቸው። ቦርዱን የያዘ ሁለቱንም ይዟል፤ ሁለቱንም በእኩል ስለሚያዋሻቸው ከናካቴው ጠብም አይኖርም። ስለዚህ ሦስተኛው ሴንሰር ሲመጣ አከፋፈሉን ይለውጡት። ሦስት ቦርድ ይኑርዎት፤ በእያንዳንዱ ላይ ከላይኛው ታንከር አንድ፣ ከታችኛው አንድ ይያያዝ። አንድ ቦርድ ሙሉ በሙሉ ቢያዝ ከእያንዳንዱ ታንከር የሚያጡት አንድ ንባብ ብቻ ነው። የሦስቱም የይለፍ ቁልፍ የተለያየ ይሁን፤ አንድ ዓይነት ከሆነ ተመልሶ አንድ ቦርድ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ውጭ በላይኛው ታንከር አፍ ላይ ተንሳፋፊ ማብሪያ ተክለው ከፓምፑ ኮንታክተር (የፓምፑን ኤሌክትሪክ ከሚያገናኘውና ከሚቆርጠው መሣሪያ) ጋር በቀጥታ በሽቦ ያገናኙት። ውሃው እዚያ ሲደርስ ሶፍትዌሩ ምንም ይበል ምን ፓምፑ ይቆማል። ርካሽ ነው፤ በገመድ አልባ የሚመጣ ሰው አይደርስበትም።

ሌላው ደግሞ የሚዋሸው ሁልጊዜ የተጨመረበት ቁጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጋለጠው ስታክስኔት የተባለው የኮምፒውተር ተንኮል ፕሮግራም በኢራን ናታንዝ ዩራኒየም የሚያበለጽጉትን ሴንትሪፊውጆች (በፍጥነት የሚሽከረከሩ መሣሪያዎች) እያበላሸ ለተቆጣጣሪዎቹ ግን አስቀድሞ የቀዳውን የደህና ጊዜ ንባብ መልሶ ያሳይ ነበር። የትናንት ንባብ ከሞዴሉ ጋር በደንብ ይስማማል፤ ፓምፑ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚነሳ ከሆነ ደግሞ የባሰ ይስማማል። መፍትሔው ፓምፑ የሚነሳበትን ሰዓት መቆጣጠሪያው ብቻ በሚያውቀው የዘፈቀደ ቁጥር ትንሽ ወዲያና ወዲህ ማድረግ ነው። ንባቡ ያንን መወዛወዝ ካላሳየ የተቀዳ ነው።

የጣና ውሃ ደለል እንዳለው አይርሱ። የፍሰት መለኪያው ሲደፈን ያለ ማንም ጥቃት ይዋሻል፤ ያን ቀን የሚፈቀድልዎትን አንዱን ውሸት ደለሉ ወሰደው ማለት ነው፤ እውነተኛ አጥቂ ቢመጣ ሁለተኛ ይሆናል። ስለዚህ ማጣሪያውን በጊዜው ያጽዱ።

ዘሽምብጥ፦

በጣም ጠቅማችሁኛል። የሦስት ቦርድ አከፋፈሉን እሠራለሁ። የቀረኝ ጥያቄ የስሌት ነው። ውሸታሙን ለመለየት ሁሉንም ዓይነት ጥርጣሬ አንድ በአንድ መሞከር ካለብኝ አነስተኛ ማይክሮኮንትሮለር ይችለዋል?

ዓባይ ማዶ፦

ለእርስዎ ይችለዋል። በሦስት ቦርድ አንድ ውሸታም ሲፈቀድ የሚፈተኑት ጥርጣሬዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ አንደኛውን ቦርድ ትተው በቀሩት ሁለቱ ይገምታሉ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም እንዲሁ። ያልተጠቃ ጥንድ እርስ በርሱ ይስማማል፤ ውሸታሙ ያለበት ጥንድ ግን ይጋጫል። አስቸጋሪ የሚሆነው ሥርዓቱ ሲሰፋ ነው። ከ40 ሴንሰሮች 10 ሊዋሹ ይችላሉ ቢባል የሚመረመሩት ጥርጣሬዎች 847,660,528 ይሆናሉ፤ ተመራማሪዎች አንዱን ጥርጣሬ ሲጥሉ ከእሱ ጋር ብዙ ሌሎችን አብረው የሚጥሉ የአመክንዮ ፈቺዎችን ከስሌቱ ጋር ማጣመር የጀመሩት ለዚህ ነው።

የንባብ መስኮቱን በተመለከተ፣ ጠዋት የጠብታ መስመሩ ሲሠራ ሞዴሉን እንደ ተጨማሪ ዳኛ አስገብተው ሃያ ደቂቃ ያህል የሚረዝም መስኮት ይጠቀሙ። ከሰዓት በኋላ ሞዴሉን ያስወጡትና የሦስቱን ንባብ አማካይ ሳይሆን መካከለኛውን ይውሰዱ፤ አንዱ የፈለገውን ያህል ቢዋሽ መካከለኛው ከሁለቱ እውነተኛ ንባቦች ውጭ ሊወጣ አይችልም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገሩበትን ሰዓት ግን በጎማው ቫልቭ ላይ ከሚገጠም የመከፈቻ ምልክት አይውሰዱት፤ ያም ራሱ ሴንሰር ስለሆነ ሊዋሽ ይችላል። በመቆጣጠሪያው የራሱ ሰዓት ያስሩት፤ ሰዓቱንም ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል አይፍቀዱለት።